ካፌይን የሌለው ኮላ ይዘን ወደ ደባርቅ

ከጎንደር የተነሳነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አክስቴ ወይዘሮ የሺ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ የኮላ ጣሳዎች ታቅፌ። ኮላው ካፌይን የለውም። ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ፣ የውጭ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው ያገኘሁት። ሐኪም "የልብሽ ምት ይዛባል፤ ቡናና ጥቁር ኮላ ይቅርብሽ" ካላት ወዲህ አክስቴ ሁለቱንም አልቀመሰችም።

ጣሳዎቹን ስታይ ያሰበችው የጥንት ጎረቤቷን ሐጃ ፋጡማን ነው። በዒድ ቀን ክርስቲያን እንግዳ ከእነሱ ሥጋ ስለማይበላ፣ ሐጃ ለአክስቴ ዳቦና ቀዝቃዛ ኮላ ያቀርቡላት ነበር። ከሐኪሙ ቃል በኋላ አክስቴ ከሐጃ ቤት እግሯን ሰበሰበች። የቀረበላትን እምቢ ማለት ከበዳት፤ መታመሟን መናገርም አሳፈራት። በኋላ ሐጃ ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

ወለቃን እንዳለፍን ዳገቱ ጀመረ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው።

ዳባት፣ ረፋድ

ሹፌሩ ለቁርስ ቆመ። ሽሮ በላን። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቡና ብታቀርብ አክስቴ ሲኒውን ገፋ አደረገችው።

"ምነው እማማ፣ አልጣመዎትም?"

"ሸጋ ነው ልጄ። ልቤን ስለሚያመኝ ነው።"

ለማታውቃት ሴት እንዲህ በቀላሉ መናገሯ ገረመኝ።

ደባርቅ

ሐጃ በር ላይ ተቀበሉን። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ። ከተቀመጥን በኋላ አክስቴ ጣሳዎቹን አውጥታ፣ "ይሄኛው አልተከለከለብኝም። አብረን እንድንጠጣ ነው" አለች፤ የልቧንም ሕመም ነገረቻቸው።

ሐጃ ፈገግ አላሉም። "በባሌ ለቅሶ ቡና ሲመጣ ሳትቀመጪ ወጣሽ። ቤቴን ጠልታዋለች ብዬ ተውኩሽ።"

"ታማለች እንዳይባል ብዬ ነው።"

"ምነው የሺ፤ የብርቱካኑ ለስላሳ ነበረ። ውኃስ ከቤቴ ጠፍቶ ያውቃል?"

በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ሐጃ ቀመሱና "ጣዕሙ ያው ነው" ብለው አስቀመጡት። ከዚያ ልጆቻቸውን እያነሱ አወጉ፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ ሠርግ አላየችም። ስንሰናበት ሐጃ፣ "የጎንደሩን ቤት ሸጠነዋል። ከእንግዲህ እግር ከጣለሽ እዚሁ ነኝ" አሉ።

አመሻሽ ላይ ጎንደር ገባን። ከባጃጅ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ በሐጃ የድሮ በር በኩል አለፍን። አዲሶቹ ባለቤቶች ሰማያዊ ቀብተውታል። አክስቴ ቆማ አየችው፤ ቀጥሎ ትንሽ ፈንጠር ብሎ የሚታየውን የራሷን በር አየች።

"እዚህች መምጣት ነው ያቃተኝ" አለች።

ስነሳ የደባርቅን መንገድ ርዝመት የምጽፍ መስሎኝ ነበር። አክስቴን የቆጫት ግን በእግሯ ልትሄደው ትችል የነበረው መንገድ ነው።