ሸክላው ያልሰማው መልስ

በየቡና ቤቱ ሲዘፈን የኖረው፣ የሰበታን መንገድ የሚያነሳው ዘፈን የአባቴ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። መንደራችን ዓለም ገና ላይ ሰውየውንም ነገሩንም የሚያውቅ ሰው ገና አልጠፋም።

አባቴ ዘፋኝ አልነበረም። ጤፍና ሽንብራ የሚያመርት ገበሬ ነበር፤ ድምፁም፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሬ ከመጥራት ያለፈ አገልግሎት አልነበረውም። እናቴ ግን የሰበታ ልጅ ናት፣ ድምፅ ነበራት። የተጋቡት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ፋሲካ እንዳለፈ ነው። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ሰርገኛው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ምሳው ሲቀዘቅዝ ደረሰ።

እንደ ወጉ የሙሽራዋ ወገኖች በሩን ዘጉ። ሚዜዎች ውጭ ቆመው እየዘፈኑ ይለምናሉ፣ ልጃገረዶች ከውስጥ እየመለሱ ያሾፋሉ፤ ክርክሩ ሲበቃ በሩ ይከፈታል። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። ሚዜዎቹ በድካም የሚሉት ሲጠፋቸው አባቴ ትዕግሥቱ አለቀና ራሱ ጀመረ፦

የሰበታ መንገድ ጭቃው አዘገየኝ፣
በሩን ክፈቺልኝ ዓይንሽ ብቻ ይየኝ።

ሚዜዎቹ ተቀበሉት። የአባቴ ወገን ያስመጣው ማሲንቆ መቺም ግቢው መሐል ቆሞ ዜማውን አሳመረው። ጭፈራው ደመቀ። ከውስጥ የመጣውን መልስ ያን ጊዜ በሩ ላይ ጆሮውን ከለጠፈው ከአባቴ በቀር ውጭ ያለ ሰው አልሰማም።

ዘፈኑን ወደ ከተማ የወሰደው ያ ማሲንቆ መቺ ነው። በየጠጅ ቤቱ ሲዘፍነው ኖሮ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ አንድ የከተማ ዘፋኝ ከነባንዱ በሸክላ አስቀረጸው። ዓለም ገና የነበሩት ሱቀኛ ሐጂ ግራሞፎናቸውን ወደ መንገድ አዙረው ሲያጫውቱት ከጅማ የሚመጣ አውቶቡስ ሳይቀር ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። አንዷ ዘፋኝ ለቅሶ እስኪመስል አዘገመችው፤ ሌላው በአኮርዲዮን አፍጥኖ ማስጨፈሪያ አደረገው፤ ቡራዩ ሰርግ ላይ ደግሞ በኦሮምኛ ተገልብጦ ሰምቻለሁ። ሁሉም የየራሳቸውን ስንኝ ሲጨምሩበት ለማኙ ሰውዬ እየባሰበት ሄደ። አንዱ በረሃብ አከሳው፣ አንዱ አሳበደው፣ የመጨረሻው እደጇ ላይ ገደለው። በሩን የከፈተለት አንድም ዘፋኝ አልነበረም።

ሐጂ ደግሞ አባቴ ባለፈ ቁጥር አይለቁትም።

«ኦቦ፣ ዛሬም አልከፈተችልዎትም?»

«ገና ነው ሐጂ፣ እየለመንኩ ነው» ይላል አባቴ፣ ከሁሉም አብልጦ እየሳቀ።

እኔ ግን እበግን ነበር። አንድ ቀን ከሱቅ እየነደድኩ ገብቼ፣ አባቴ የአገር መሳቂያ ሆነ ብዬ እናቴ ላይ ጮህኩ። እናቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች።

«እኔ አልመለስኩለትም ያለሽ ማነው?» አለችኝ።

ለካ ልጃገረዶቹ የሰርገኛውን ጭቃ በቀዳዳ እያዩ ሲስቁ፣ ሙሽራዋ ራሷ ኖራለች ቀና ብላ የመለሰችው፦

ጭቃውን ካለፍከው ምን ያስጨንቅሃል፣
በሩ አልተቆለፈም መግፋት ያቅትሃል?

በዚህም አላበቃች፤ «ሴኒ!» አለችው፣ ግባ ማለቷ ነው። እናቷ ደነገጠች። ሙሽራ በገዛ አፏ ባል ጠራች ከተባለ ታናናሾቿን ማን ያገባቸዋል? ልጃገረዶቹን አስምላ አፋቸውን አስዘጋች። አባቴም እህቶቿ እስኪዳሩ ላይናገር ቃል ገባ።

«እህቶችሽ እኮ ከተዳሩ ቆዩ!» አልኳት።

«ተዳሩ። ግን ያኔ ሸክላው ወጥቶ ነበር። አሁን ብንናገር ማን ያምነናል? ሸክላ ይዋሻል ወይ ነው የሚሉን።» ምስሯን መልሳ አነሳች። «እሱስ ይስቃል። እኔን ግን አገር ሁሉ ልበ ደንጊያ አደረገኝ። ባሌን ደጅ ያቆምኩ መስዬ ልሞት ነው።»

የዚያን ዕለት በሁለቱም ኮራሁ፤ በእሷ ድፍረት፣ በእሱ ደግሞ የእሷን ክብር ለመጠበቅ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሳቅበት በመሳቁ።

የእኔ ሰርግ የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ ነበር። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ጊታርና አኮርዲዮን ያለው ባንድ ይዞ መጣ። በሩ ተዘጋ። ሚዜዎቹ ምን ቢዘፍኑ ጥሩ ነው? ያንኑ! አባቴ ዳሱ ውስጥ ከሐጂና ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። የለመኑትን ለምነው አኮርዲዮኑ ዝም ሲል፣ ልጃገረዶቹ ከውስጥ መልስ ሳያዘጋጁ እናቴ ከአጠገቤ ተነሳች። በሩ ሥር ሄዳ ቆመችና በሙሉ ድምፅዋ፣ ዳሱ እስኪሰማ፣ «ጭቃውን ካለፍከው» አለች። እስከ መጨረሻው ዘለቀችው። «ሴኒ!» ብላ አበቃች።

ባንዱ የሚመታው ጠፋው፤ እንዲህ ያለ ስንኝ የትኛውም ሸክላ ላይ የለማ!

«ኦቦ፣ ይህ ነገር ለርስዎ ነው እንዴ?» ሲሉ ሐጂን ሰማኋቸው።

አባቴን በመስኮቱ መጋረጃ ክፍተት አየሁት፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ በሚዜዎቹ መሐል መጣ፣ ሙሽራውን በእጁ ገለል አደረገና በሩን ገፋው።

በሰርጌ ቀን መጀመሪያ የገባው ሙሽራ የእናቴ ነው።