ባጄ ላይ ያለው ስም

ዛሬ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ባለው ክሊኒካችን ደም ልቀዳላቸው ስዘጋጅ፣ እማማ የሺ ባጄን አንብበው እጃቸውን ሰበሰቡ።

የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ “መርፌ ትፈራለች” አለችኝ። የፈሩት ግን መርፌውን አልነበረም።

“የሽፈራው ዘር ነሽ?” አሉኝ። በደርግ ጊዜ ወንድማቸውን ያስገደለው የአውራጃቸው ሹም ሽፈራው ይባል ነበር። ልጆቹም በኋላ ተሹመዋል አሉ።

“የኔ ሽፈራው አያቴ ነው፣ እማማ። ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ነበር” አልኳቸው። እዚህ አገር ስንመጣ ፎርም የሞላልን ሰው ስሙን ላስት ኔም፣ የቤተሰብ መጠሪያ፣ አደረገው እንጂ፣ የአያቴ ትልቁ ሥልጣን የዕድር ዳኛነት ነበር።

አላመኑኝም። የአያቴን አባት፣ የሱንም አባት ስም አስቆጠሩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ሰጡኝ።

ጥጡን ስይዝላቸው፣ “ወንድሜም ሽፈራው ነበር” አሉ። “ያ ሰውዬ ትዝ እያለኝ፣ የወንድሜን ስም እስከ ዛሬ በአፌ ጠርቼው አላውቅም።”

የልጅ ልጃቸው ስልኳን አስቀመጠች። ወንድም እንደነበራቸው የሰማችው ዛሬ ነው።

ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው፣ “ደህና ዋይ፣ ሽፈራው” አሉኝ።

በእናንተስ ስም የራሱን ሰው የጠራ አለ?