የጋሽ በድሩ አይሱዙና የእኔ ኢንሹራንስ

ባለፈው እሑድ ለሽምግልና ተጠርቼ ከሚዛን ከተማ አጠገብ ወዳለችው አማን ሄድኩ። አንድ ወጣት በባጃጁ ሰው ገጭቶ ገድሏል። ዕድሜዬን አይተው ሰብሳቢ አደረጉኝ፤ «ጥፋቱን ታምናለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ሰብሳቢው ነው። ልጁ እስኪመጣ ጎደሬ በዳጣ ቀረበልን። የምወደው ምግብ ነው፣ ግን አልወርድ አለኝ።

የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች መከፈት ሲጀምሩ ጎረምሳ ነበርኩ። ጅማ ሄጄ ትንሽ ሠለጠንኩና ለአንዱ ኩባንያ ወኪል ሆንኩ። ደሞዝ የለውም፤ ደንበኛ ካመጣሁ ኮሚሽን አለኝ፣ ካላመጣሁ ጦሜን አድራለሁ። ካፒታሌ እናቴ የቴፒ ቡናዋን ገና አረንጓዴ ሳለ ለነጋዴ ሸጣ የሰጠችኝ ገንዘብ ነበር። «ዘንድሮ የምለቅመው የለኝም፤ አደራህን» አለችኝ። ሚዛን ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፣ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ገዛሁ። የቀረውን የማስታወቂያ ሰሌዳው በላው። ቢሮ ከፈትኩ ማለት ነው እንግዲህ!

ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጭቃ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። መኪናዎ ቢገለበጥ፣ ሰው ቢገጭ ስል ነጋዴው ያማትባል። «ሟርተኛው መጣ!» እያሉ ከሩቅ በር የሚዘጉብኝም ነበሩ። ምን ያድርጉ፣ የእኔ ሥራ ክፉ ክፉውን ማውራት ነው።

መጀመሪያ የፈረሙልኝ ጋሽ በድሩ ናቸው፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሚዛን ያረጁ ባለሱቅ። ከቴፒ ቡና የምታመላልስ አንዲት አይሱዙ ነበረቻቸው። «ኩባንያውን መች አውቀዋለሁ? አንተን ነው የማምነው» አሉኝ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም መጡ። እናቴ ይህን ስትሰማ እልል አለች።

አንድ ቀን አይሱዙዋ ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ተንሸራታ አንድ አባወራ ገደለች። ሾፌሩ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። እኔ ቴፒ ነበርኩ። ስመለስ ጋሽ በድሩ በአገሩ ወግ ሽማግሌ ይዘው፣ ድንጋይ ተሸክመው ለቅሶ ቤት ደጃፍ ተንበርክከው ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው፣ ካሳውንም ቆርጠው ታርቀዋል። አገሩ ሁሉ አመሰገናቸው፤ እኔም ኮራሁባቸው።

ካሳውን ኩባንያው እንዲተካላቸው ብዬ ጅማ ሄድኩ። ኃላፊው በጨዋ ደንብ አስቀመጠኝና፣ «ያለ እኛ ፈቃድ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የታረቀ ሰው መብቱን አጥቷል፤ ውሉ ላይ አለ» አለኝ። ለመንኩት፣ አለቀስኩ። ምን ዋጋ አለው!

ይህን ለጋሽ በድሩ ነገርኳቸው። «ታዲያ ሬሳ ፊት ቆሜ ምን ልል ኖሯል? እስቲ ኢንሹራንሴን ልጠይቅ ልበል?» አሉኝ። አይሱዙዋ ተሸጠች። ሌሎቹ ደንበኞች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር፤ እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ «ደህና ነህ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሮውን ዘጋሁ። ሰሌዳውን እናቴ የዶሮ ቤት ክዳን አደረገችው፤ አንድም ቀን ስለ ቡናዋ አላነሳችብኝም።

እንግዲህ እሑድ ዕለት ያ ባለባጃጅ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ገባና ተንበረከከ። ያችን ቃል ካላለ ቂሙ አይበርድም፤ ከተናገራት ደግሞ ያለችው ጥሪት ሁሉ ትሄዳለች። ይኸው አርጅቼም መላ አላገኘሁለትም። የሟች እናት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ጥፋቱን ታምናለህ?» አልኩት።

«አምናለሁ አባቴ፤ የእኔ ነው።»

እናቲቱ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፣ ድንጋዩን አወረድንለት፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ተመራረቅን። ስወጣ ልጁ ተከትሎኝ ጉልበቴን ሳመ። ፊቱ ቀለል ብሎታል።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፤ ለካሳው አይስጉ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አለኝ።

«እግዜር ይርዳህ ልጄ» ብዬ ጃንጥላዬን ዘረጋሁ።