የጀልባዋ ውታፍ

ቡታጅራ ሐይቅ የላትም። ስለዚህ በእንሰት ተክልና በቆርቆሮ አጥር መካከል ነጭ የሞተር ጀልባ በተሳቢ ላይ ተቀምጣ ማየት ለእንግዳ ጉድ ነበር። እኔ በዚያው ግቢ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ሁለት ዓመት ስለኖርኩ መገረሙን ትቼው ነበር። ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት ስሄድ በአጠገቧ አልፋለሁ፤ ማታ ስመለስ ሸሚዜን አውልቄ ጠርዟ ላይ እሰቅላለሁ።

ባለቤቷ የቤቱ ጌታ ነበሩ፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የመስቃን ሰው። ቀደም ሲል በመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ነበሩ። የካምፑ መሐንዲስ ፈረንጅ ነበር። እሑድ እሑድ ይህችን ጀልባ ከመኪናው ኋላ አስሮ ወደ ላንጋኖ ይወስዳት ነበር አሉ። ልጆቹ እግራቸው ላይ ረጃጅም ጣውላ አስረው ከኋላዋ በገመድ እየተጎተቱ ውሃው ላይ ይንሸራተታሉ። መንገዱ አልቆ ካምፑ ሲፈርስ መሐንዲሱ ጀልባዋን ለዘበኛው ሰጠና ወረቀት ጽፎ ፈርሞ አገሩ ገባ። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከቁርዓናቸው ጋር ይቀመጥ ነበር።

ሽማግሌው ያችን ጀልባ ለሰባት ዓመት የጠበቋት ለአንድ ነገር ነው፤ መካ ለመሄድ። ለመንገዱ ያጠራቀሙት ገንዘብ አለ፤ የጎደለውን ጀልባዋ ትሞላለች ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል። ሰፈሩም ሳይሄዱ "ሐጂ" ይላቸው ጀመር። "ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?" ሲሏቸው "ገና ነኝ" ብለው ይመልሱ ነበር፤ ይህ በየቀኑ የሚደጋገም ቀልድ ነው፤ እሳቸውም ይስቁበታል።

ገዢው የመጣው ከቆሼ ነው። እህል ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ሲናገር የሰው ክንድ የሚይዝ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከደሴቶቹ ሰውና ዕቃ ማመላለስ አስቧል። ጀልባዋን በእጅጌው ሲያሻት ከአቧራው ሥር ነጩ ቀለም ወጣ፤ እሱ ያየው ያንን ነጭ ነው። አንድ ሺህ ብር አለ። ሽማግሌው አንድ ሺህ አምስት መቶ አሉ። ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ግማሽ ቀን ተቀምጠው ማቀራረብ ሲያቅታቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኔ ጠቆመ።

"ይሄ ልጅ ሞተር ያውቃል። ወሬ አያበዛም። እሱ ይገምት፣ ሁለታችሁም በቃሉ እደሩ።"

እኔ ያኔ የወፍጮ ቤቱ ሞተረኛ ነበርኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ወልቂጤ ከአንድ ሹፌር በገዛሁት፣ ሥዕል ያለበት የሞተር መጽሐፍ ላይ ነው ያጠናሁት፤ ቃሉን በመዝገበ ቃላት፣ ሥዕሉን በጣቴ እየተከተልኩ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። እምቢ ለማለት አፌን ሳልከፍት ገዢውም ሽማግሌውም እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ። ቃሉን የሚያስረው ጸሎት፣ ፋቲሓ፣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የምናገረውን ቁጥር ሁለቱም ሊመልሱት አይችሉም። ሦስት ቀን ተሰጠኝ።

በመጀመሪያው ቀን ደብተር ይዤ ዞርኳት። የተሳቢው ሁለት ጎማዎች ሞተዋል። መቀመጫዎቹን አይጥ በልቷቸዋል። መሪው ይዞራል፤ ገመዱ ግን ዝጓል። ውጪውን አካል፣ ያን እንደ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለውን፣ በጣቴ እያንኳኳሁ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ሄድኩ፤ ደህና ድምፅ ሰጠኝ። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ማደሻውን ምን ያህል እንደሚፈጅ ጻፍኩ። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ለምኜ፣ እንዲህ ያለች ያገለገለች ግን የምትሠራ ጀልባ እዚያ በስንት እንደምትሸጥ አስጠይቄ ነበር። ሁለት ሺህ አካባቢ አሉት። መነሻዬ እሱ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ላይ ዋልኩ። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ በሲሊንደሮቹ ጥቂት ዘይት አንጠበጠብኩና ገመዱን በቀስታ ሳብኩ። አልተጣበቀም። ካርቡራተሩን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩት። ከዚያ ሞተሩን በውሃ በተሞላ በርሜል አፍ ላይ ከሽማግሌው ጋር አሰርነውና ሳብኩ። ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ስስበው አስነጠሰ፤ በአሥራ አራተኛው ተነሣ። ግቢው በጭስ ተሞላ፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ሽማግሌው ከበርሜሉ የሚንተከተከውን ውሃ እያዩ "አልሐምዱሊላህ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ማታ ደብተሬ ላይ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ መጣ። የጎደላቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንደሆነ አውቅ ነበር። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሽማግሌው መስጊድ ሄደው ሳለ የቀረኝን አንድ ነገር ለማየት ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ። የኋላ ግድግዳዋ ነው፤ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት። ከውጭ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ ፕላስቲክ፣ መሃሉ ግን ወፍራም ኮምፔንሳቶ ነው። የጫማ ሰፊ ወስፌ ይዤ ነበር። ለሞተሩ ብሎን በተበሳው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አስገብቼ ገፋሁ።

እስከ እጀታው ገባ። ስስበው ጥቁር እርጥበት ይዞ ወጣ፤ እንደ ከረመ ቅጠል ሸተተኝ። አንድ ስንዝር ዝቅ ብዬ ወጋሁ፤ እዚያም ገባ። ወለሉን ረገጥኩ፤ ከእግሬ ሥር ዝቅ አለ። ከዚያ በግድግዳዋ ታችኛው ጥግ፣ ቅጠል ጠርጌ ሳይ፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ቀዳዳ አገኘሁ፤ በእንጨት ውታፍ ተደፍናለች። ውታፉ ከወይራ የተጠረበ ነው፤ በጣም ያምራል፤ ጫፉ እንዲለሰልስ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቋል። በካቻቢቴ አላውሼ ሳወጣው ቡናማ ውሃ ሲፈስ ቆየ።

ያኔ ገባኝ፤ ባለሁበትም ተቀመጥኩ። በጋ በገባ ቁጥር ሽማግሌው ጀልባዋ ውስጥ ባልዲ በባልዲ ውሃ ይጨምሩ ነበር። ወለሏ እንጨት መሆኑን አይተዋል፤ እንጨት በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በእኛ አገር የእንጨት ገንዳ የሚጠበቀው እንዲሁ ነው፤ ሳይሠሩበት ሲቀር ውሃ ይሞሉታል። በተወለድኩበት በአገና አባቴ ቤት ያለው ገንዳም እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ሲሞሉ ሳይ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ይልቁንም ሁለት በጋ ከጉድጓዱ እየቀዳሁ ባልዲውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ያች ቀዳዳ የተሠራችው የገባ ውሃ እንዲወጣባት ነው፤ እሳቸው ግን ውሃው እንዳያመልጥ ደፈኗት።

ከዚያ በኋላ ያለችው ሰዓት ረጅም ነበረች። ገዢው ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ይመጣል። ወስፌ ካልያዘ ይህን አያይም፤ ወስፌም አይዝም። ሞተሩ ሲነሣ ሰምቶ አንድ ሺህ ሦስት መቶውን እየሳቀ ይከፍላል። ሽማግሌው መካ ይሄዳሉ። ከዚያ ዝዋይ ላይ፣ አሥር ሰው ጭና፣ ሞተሩ ግድግዳውን ይዞ ይገነጠላል። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን፤ ምናልባት በወሩ። ውሃ በዚያ በኩል ይገባል። ሼኽ አይደለሁም፣ ቃዲ አይደለሁም፤ ግን ፋቲሓ የተደረገው በእጄ ላይ ነው። ውታፉን በመዳፌ ይዤ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አላውቅም።

የበሩ መዝጊያ ሲንቋቋ ሽማግሌው ሲገቡ አየሁ። ለሕዝቡ ከመናገሬ በፊት ለእሳቸው መናገር አለብኝ ብዬ ነበር። ትክክል መስሎኝ ነበር። ወስፌው እንዴት እንደገባ አሳየኋቸው። እሳቸውም ወስፌውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ወጉ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወስፌውን መለሱልኝ።

"ሌላ ያየ ሰው አለ?"

"የለም፣ አባባ።"

"ለምን ለእኔ ነገርከኝ?" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁጣ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። "እዚያ ሰው ፊት ብትናገረው ተናጋሪው አንተ ነበርክ። ዝም ብትልም ዝም ያልከው አንተ ነበርክ። አሁን እኔ ላይ ጣልከው።"

ውሃ ቀድተው ለዐስር ሶላት ታጠቡ፤ እኔ ደብተሬ ላይ አንድ ሺህ ሦስት መቶውን ሰርዤ የእንጨቱን ማደሻ ቀነስኩ።

ገዢው ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጋር ገባ። ሞተሩ መነሣቱን ገበያ ላይ ሰምቶ ስለነበር ፊቱ በርቷል። "አሰላሙ አለይኩም ሐጂ! ዘንድሮስ መሄድዎ አይቀርም" አለ፣ የእኔን ክንድ እንደያዘ። እሳቸው "ገና ነኝ" አሉ። ሁልጊዜ የሚስቁትን ሳቅ ሳቁ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ፤ ፊደሉ ዓይኔ ላይ ይደራረብብኛል። "የጀልባዋ ዋጋ" ብዬ ስጀምር ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። እሱ ከመናገሩ በፊት እኔ የምናገረው አለ። የኋላ ግድግዳዋ በስብሷል። ወለሏም። ያበሰበስኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ እየሞላሁ።" ከዚያ ወስፌውን ለገዢው ሰጡ። "ውጋና እይ።"

ገዢው ወጋ። ሌላ ሰው ሆነ። ከክንዴ ላይ እጁን አነሣ። ይህ ከሆነ ጀልባ ሳይሆን ማገዶ ነው፣ ሞተሩንም ለብቻው ብረት ሻጭ ይወስደዋል፣ ሦስት መቶ ብር ብሰጥ ለሽማግሌው አዝኜ ነው አለ። አንዱ ሽማግሌ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ሌላው መሬት መሬት አየ። እውነቱን የተናገሩት ሰው በእውነታቸው ሊገፈፉ መሆኑን እያየሁ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"ሰባት መቶ ነው" አልኩ።

ገዢው ወደ እኔ ዞረ። "ምን አልክ፣ አንተ ወፍጮ?"

"ሰባት መቶ። ሞተሩ ይሠራል፤ ሰምተዋል። አካሏ አልተሰነጠቀም። ኮምፔንሳቶው፣ ሙጫው፣ ብሎኑ፣ የእኔ ድካም፣ ሁሉም እዚህ ተጽፏል። ስድስት መቶ ቀንሻለሁ። ከዚህ በላይ መቀነስ ሌብነት ነው፤ ከዚህ በታች መቀነስም ሌብነት ነበር።" ደብተሩን ዘርግቼ ሰጠሁት። በገጹ ላይ አንድ ሺህ ሦስት መቶው በእርሳስ ተሰርዞ ይታያል።

ደብተሩን ረጅም ጊዜ አነበበ። ወይም ያነበበ መሰለ፤ ማንበብ ይችል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሦስቱ ትልቁ ሽማግሌ ፋቲሓውን አስታወሱት። በዝዋይና በቡታጅራ መካከል ፋቲሓ ያፈረሰ ሰው እህል የሚያምነው አያገኝም። ገዢው ተነፈሰና "እሺ" አለ። ያኔ ባለቤቱ አንድ ነገር ጨመሩ፤ እንጨቱ ሳይቀየር ሰው አይሳፈርባትም። በዚያም ላይ እጅ ተያያዙ።

እንጨቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያው ግቢ፣ ከሥራ መልስ፣ አንድ ወር ያህል። የበሰበሰውን በመሮ ስፍቅ እፍኝ እፍኝ እንደ ጭቃ ይወጣ ነበር። ሽማግሌው በየቀኑ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ገዢው ጭነት መኪና ይዞ ሲመጣ ተሳቢውን ከኋላ አሰርን። በሩ ጠቦ ሁለት የእንሰት ግንድ ቆረጥን። ስትወጣ ከሥሯ ሰባት ዓመት ፀሐይ ያላየ ነጭ ሣር ቀረ፤ ቅርጹ ልክ የእሷ።

በዚያ ዓመት አልሄዱም። ሰፈሩ "ሐጂ" ማለቱን አላቆመም፤ ያቆመው ሳቁ ነው።

በሚቀጥለው በጋ አንድ አመሻሽ ሸሚዜን የት እንደምሰቅል ስፈልግ እዚያው ባዶ ቦታ ቆመው አገኘኋቸው። ሣሩ አረንጓዴ ሆኗል። ወደ እኔ ሳያዩ ጠየቁኝ።

"ውሃውን ባልጨምርበት ኖሮስ?"

ለዚህ ጥያቄ ወር ሙሉ ስፍቅ መልስ አዘጋጅቼለት ነበር። "ክረምት ዝናቡም ይገባባት ነበር፣ አባባ። ያው ነው" አልኳቸው።

ከኪሳቸው የወይራውን ውታፍ አወጡ፤ ጀልባዋ የሄደች ቀን ከመሣሪያ ሳጥኔ መጥፋቱን ልብ ብዬ ነበር፣ የት እንደገባ ግን አልጠየቅኩም።

"ዝናቡማ" አሉ፣ ውታፉን በአውራ ጣታቸው እያሹ፣ "በቀዳዳው ይወጣ ነበር።"