የጋጣው በር

ጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው ፈረስ ያረቡ ነበር። ጋጣው ሲገቡ ሁልጊዜ በሩን አንኳኩተው ትንሽ ይቆማሉ።

«ምነው ጋሼ፣ ፈረሱ ግቡ ይላል?» ብዬ ስቄባቸው አውቃለሁ።

«ቤቱ የእሱ ነው። ድንገት ገብቶ ማስደንገጥ ነውር ነው» ይሉኝ ነበር።

ሲያርፉ ፈረሶቹ ተሸጡ። ልጆቻቸውም «አጎቴ፣ ግቢውን እርስዎ ያሻሽጡልን» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ የጋጣው ግድግዳም ረግፏል፤ ብዙ እድሳት ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሊያየው መጣ። ጋጣው ጋ ስንደርስ እጄ በሩን አንኳኳ፤ ቆምሁም።

«አባቴ፣ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ የለም፣ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ከፍቼ አሳየሁት፤ ወደደው። «መጋዘን አደርገዋለሁ። ቁርጡን ይንገሩኝ፣ ይሸጣል አይሸጥም?» አለ።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ጋሼን ልጠይቅ» አልሁት።

«እሺ፣ ይጠይቋቸውና ይደውሉልኝ» ብሎ ሄደ። እኔም ቁልፉን እንደያዝሁ፣ ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኝ በሩ ላይ ቀረሁ።