ለቆሎ የተሰጠኝ ገብስ

ደንቡን አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም፤ ለሌላው የማስረዳው እኔ ነበርኩ። በሁለት ሺህ ስድስት ገደማ በመንግሥት በጀት በሚሠራ ጥናት ተቀጥሬ፣ በእንጅባራ ዙሪያ የገበሬ ዘር እሰበስብ ነበር። ዘር ከመውሰድህ በፊት ባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ዘሩ የት እንደሚሄድ አውቆ፣ ወዶ ከፈቀደ ቅጹ ላይ ይፈርማል። ካልፈቀደ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አንዲት ባልቴት ጥቁር ገብስ አላቸው ተባለ። በዚያ አካባቢ እሱን የሚዘራ ሌላ ሰው አልቀረም። ሰኔ ገብቷል፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ አለቃዬ በየቀኑ ይደውላል። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አገውኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ቅጹን በአማርኛ አነበብኩላቸው። እሳቸው አማርኛ አያቅታቸውም፤ የቅጹን አማርኛ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እኔም በቅጡ አልገባኝም።

«ልጄ፣ እኔ ሳልዘራ ዘር ከቤቴ አይወጣም፤ በረከቱ ይሄዳል» አሉኝ። «ዘርቼ ልጨርስ፣ ጎረቤትም ልጠይቅ። ያኔ ና።»

እሺ ብዬ ተነሣሁ። ሲሸኙኝ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፤ እናቴ ታማ እህል አልበላ እንዳላት ነገርኳቸው። እሱስ እውነቴን ነበር። ጓዳ ገብተው ከዚያው ገብስ አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥረው አመጡ።

«ቆልተህ ስጣት። አፍ የሚከፍት ይሄ ነው።»

ዘር አይወጣም ያሉት ሴትዮ ለታመመ ሰው ቆሎ አልከለከሉም። ለእሳቸው ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ለእኔም ገብቶኛል፤ አልገባኝም ብል ውሸቴን ነው።

ባጃጅ ውስጥ ቋጠሮውን እየዳበስኩ «ገብስ ያው ገብስ ነው» አልኩ። እንጅባራ ስደርስ በናሙና ፖስታ አሸግኩት። ቅጹ ላይ «ተነግሯቸው ፈቅደዋል» ብዬ ጻፍኩና የገዛ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ በስማቸው ትይዩ አተምኩ። እናቴ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም። ፖስታው አዲስ አበባ፣ የአገር ዘር የሚቀመጥበት ጂን ባንክ ገባ። አለቃዬ «ጎበዝ!» አለኝ። ጎበዝ! አደራ በላ ነበር መባል የነበረብኝ።

በዓመቱ፣ በገበያ ቀን፣ ባልቴቷ ቢሮ ድረስ መጡ። በረዶ ማሳቸውን እንዳለ አውድሞት ዘሩ ከእጃቸው ጠፍቷል። ገበያ ቢሉ የለ፣ ጎረቤት ቢሉ የለ።

«ለእናትህ ከሰጠሁህ ሳይቆላ የተረፈ ፍሬ ይኖር ይሆን?» አሉኝ። «ቁንጥር ታህል ትበቃኛለች፤ ዘርቼ አበዛታለሁ።»

ዘሩ አለ። ለጂን ባንኩ ደብዳቤ ቢጻፍ ተቆንጥሮ ይመለስላቸዋል። ግን ደብዳቤው ፋይሉን ያስወጣል፣ ፋይሉ ደግሞ የእኔን አውራ ጣት። «መቼ ፈረምኩና?» ቢሉ ከሥራ እባረራለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ሊወጣው እንደሆነ ሳላውቅ።

«የለም እማማ» አልኩ። «ሁሉንም በላችው።»

ፊታቸው በራ።

«እሰይ! እንኳን እሷ በላችው» አሉኝ። «እኔስ የትም ወድቆ ባክኖ ይሆናል ብዬ ነበር።»