የተረፈች ድንጋይ በአደባባዩ መሐል

እልል በሉ፤ አይነሣም! ቁርጡ ታወቀ፤ ስንት ሳምንት እንቅልፍ የነሣን ነገር በደስታ አለቀ። ምኑ ነው የማይነሣው፣ የማንስ ነው ብትሉኝ፣ የወይዘሮ ተረፈች ነው፤ የሱሉልታዋ፣ ቅቤ ሻጯ። ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ደስታ ምላስ ያደናቅፋል።

ተረፈች ባሏን ባይሳን ያጣችው በጠላት ዘመን ነው። ገና የሙሽርነቷ ወዝ ሳይለቅ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ወደቀ የሚል ወሬ እንጂ የወደቀበትን የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። ተዝካሩን አወጣች። ሌላው ሰው ሲከፋው ሄዶ የሚቀመጥበት መቃብር አለው፤ እሷ የት ሄዳ ታልቅስ? አልቅሳም አታውቅ። ጨዋታ ወዳድ ናት፤ ሐዘኗንም በጨዋታ ነው የምትሸፍነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤዋን በአህያ ጭና፣ እንጦጦን ተሻግራ አዲስ አበባ ትወርዳለች። አንድ ቀን ታዲያ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ መሐል የድንጋይ ክምር አየች። ያገራችን ሰው እንዲህ ያለ ክምር ሲያይ አይጠይቅም፤ ሰው የወደቀበት ነው ብሎ አንድ ድንጋይ ይጨምርና «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል። ተረፈችም አንድ አነሣች። አፏ «ነፍስ ይማር» ሊል ሲል «ባይሳ» አለ። ያን ቀን በዚያ ሜዳ ላይ እስኪወጣላት አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቅቤው ጋር ድንጋይ ስትጭን ጎረቤቷ ገለቴ አየቻት።

«አንቺ፣ አህያይቱ ምን በደለችሽ? አዲስ አበባ ድንጋይ አጣ?»

«የዚያ አገር ድንጋይ ባይሳን አያውቀውም።»

«ይኸኛውስ ተዋውቆት ነው?»

«ይኸኛው ካደገበት ደጃፍ ነው። ኦቦ ደቻሳ ናቸው የሰጡኝ።»

ኦቦ ደቻሳ የባይሳ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጉልበታቸው እንጦጦን እምቢ ስላላቸው፣ ከአጥራቸው ሥር ድንጋይ እየመረጡ «ይህን አድርሺልኝ» ይላሉ። ገለቴም ስቃ ስታበቃ ምን አደረገች? ሬሳው ላልተገኘው ላባቷ አንድ ድንጋይ ጫነች! ወሬው በገበያ ሴቶች መሐል ዞረ፤ ክምሩም በየሳምንቱ አደገ።

ለካ ክምሩ የሙት አልነበረም! የከተማውን ፕላን የሚያወጡት ሰዎች በዚያ ሜዳ ትልቅ አደባባይ አስበዋል፤ መሐሉ ላይ ፏፏቴ፣ ዙሪያውን አበባ። ቀያሾች መሐሉን ምልክት አድርገው የከመሯት ድንጋይ ናት። ሥራው ሲጀመር ወጣቱ መሐንዲስ አሥራት ምልክቱን ሊፈልግ መጣና ተራራ አገኘ።

«ከጉልበቴ አትበልጥም ነበር! ማነው ያሳደጋት?» ብሎ ጮኸ። ተረፈች ከነአህያዋ የደረሰችው ይሄኔ ነው።

«አንሡ!» አላቸው ሠራተኞቹን። አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ዱቤ የሚባለው «ጌታዬ፣ የሙት ድንጋይ ባነሣሁበት እጅ እንዴት እበላበታለሁ?» አለ።

«የምን ሙት! ከሥሩ ማንም የለም! ፏፏቴ ሊቆምበት ነው!»

ተረፈች እዚያው ክምሩ ሥር ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ባይሳ ከሥሩ እንደሌለማ አውቃለሁ» አለችው። «የትም የለም። የትም ስለሌለ ነው እዚህ ያመጣሁት።»

አሥራት ተናዶ ራሱ ጎንበስ አለና አንዱን ድንጋይ አነሣ።

«እሱ የገለቴ አባት ነው።»

አስቀመጠውና ሌላ አነሣ።

«እሱን አላውቀውም። ከቡራዩ የመጣች ሴት ናት ያኖረችው፤ ስታለቅስ ስሙን አልጠየቅኳትም።»

ሦስተኛው ጠፍጣፋ ነበር፤ ከኦቦ ደቻሳ አጥር ሥር የመጣ።

«ይህስ፣ እማማ?»

«ባለቤቴ ነው። በቀስታ ያዘው፤ ቁጡ ነበር።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አሥራትም ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ቀረ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። አቧራውን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ ባነሣበት መለሰው።

«እማማ፣ እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። አለቆች አሉብኝ።»

«እነሱም የሞተባቸው አያጡም። ንገራቸዋ!»

ከዚያ ወዲህ ያየነው ጭንቅ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተረፈች እንጦጦ አፋፍ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ገለቴ ቁልቁል አይታ «አለ! ዛሬም አለ!» ስትላት ነው የምትገልጠው።

ዛሬ ግን አሥራት ራሱ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። «ፏፏቴው ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ እማማ። ክምሩ ባለበት ይቆያል፤ የወገናቸውን መቃብር ለማያውቁ ሁሉ። ዙሪያውን መቀመጫ ይሠራለታል፤ ድንጋይ ይዞ የመጣም አይከለከልም።»

ተረፈች ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ጥላስ?» አለችው። «ባይሳ ፀሐይ አይወድም።»

ዛፍም ይተከላል ተባለ!

ይህን ገለቴ ናት ቀድማ እየሮጠች መጥታ የነገረችኝ፤ ለኔ ነግራ ወደ ማዶው መንደር በረረች። ተረፈች ገና እንጦጦ ላይ ናት። ኦቦ ደቻሳ ግን አልሰሙም! ይኸው ከዚህ ይታዩኛል፤ አጥራቸው ሥር አጎንብሰው፣ ክምሩ ይኑር አይኑር ሳያውቁ፣ ለመጪው ቅዳሜ ድንጋይ ይመርጣሉ። ጽሕፈቱ ይቆየኝ፤ ሄድኩ። ኦቦ ደቻሳ! ኦቦ ደቻሳ! ተለቅ ያለውን ምረጡ!